ሁለተኛ ሰው

«ጋሼ ግራም» የሚለውን ስም ያወጡላቸው የመድኃኒት ፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው። አንዲት ግራም ጎደለች ብለው ዱቄቱን አስገልብጠው እንደ አዲስ ያስመዝናሉና። ሥራቸው ማየት ነው። መዛኙ ይመዝናል፣ እሳቸው ሚዛኑን አይተው መዝገቡ ላይ «አረጋግጫለሁ» ብለው ይፈርማሉ። ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር ቀርቷቸው ነበር።

ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ምዘና ክፍሉ ውስጥ ተዝለፍልፈው ወደቁ፤ በአምቡላንስ ሆስፒታል ተወሰዱ። ሥራው አልቆመም፤ መዛኙ ብቻውን ጨረሰው።

ረቡዕ ጠዋት የጥራት ኃላፊዋ የማክሰኞውን መዝገብ ስታገላብጥ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ከተደረገው ምዘና ጎን የጋሼን ፊርማ አገኘች። ሰውየው በዚያ ሰዓት ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ተኝተዋል። ፊርማቸው ግን ሥራ ላይ ነው።

ይህችን ሴት ሥራ ያስተማሯት ጋሼ ናቸው። ጀማሪ ሳለች ሳታይ የፈረመችበትን ወረቀት ፊቷ ላይ አውለብልበው፣ «መተማመን ለቤት ነው፤ እዚህ ማየት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» ብለው አስለቅሰዋታል።

መዛኙን አስጠራችው። ሦስት ልጆች ያሉት ጎልማሳ ነው፤ እንደ ተማሪ እጁን አጣምሮ ቆመ።

«ጠዋት እንደገቡ ነው ሁሉንም መስመር የሚፈርሙት» አለ።

«አንተስ ዝም ትላለህ?»

«ጋሼ ናቸው እኮ! ማን ደፍሮ ይጠይቃቸዋል?»

የምርት ኃላፊው ነገሩን ሲሰማ ሳቀ። «ዕዳው ገብስ ነው! ገጹ እንደገና ይጻፍ፣ እኔው እፈርማለሁ። መኪናው በር ላይ ቆሟል። ሆስፒታሎቹ የልብ ኪኒን ካለቀባቸው ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ሽማግሌውም በክብራቸው ጡረታ ይውጡ።»

እውነቱን ለመናገር፣ ሐሳቡን ወደደችው። ስለወደደችውም ፈራች። መዝገቡን መሳቢያዋ ውስጥ ቆልፋበት ወደ ሆስፒታል ሄደች።

ጋሼ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሰላም ስትላቸው በድምጿ አወቋት።

«የልቡ ኪኒን ወጣ?»

«አልወጣም።»

«ምን ይዞት?»

«እርስዎ ይዘውት።»

«ዓይኔ ነው» አሉ። «ጠዋት በመስኮቱ ብርሃን መስመሮቹ ትንሽ ትንሽ ይታዩኛል፤ ያኔ ሁሉንም እፈርማለሁ። ከሰዓት በኋላ መስመሩም ይጠፋብኛል።»

«የሚዛኑ ቁጥርስ?»

«እሱንማ ካየሁት ሁለት ዓመት ሞላኝ። መዛኙ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ እሺ እላለሁ።»

«አንድ ግራም ጎደለ ብለው ያስገለብጡ የለ እንዴ?»

«እንዳይጠረጥሩኝ ነዋ። አልፎ አልፎ ዝም ብዬ አስገለብጣለሁ።»

ተናደደች። እሷ ልትነግራቸው የመጣችው ስለ አንድ ቀን መዝገብ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የወጣው መድኃኒት ግን በየመጋዘኑና በየፋርማሲው፣ ከዚያም በየሰው ቤት ተበትኗል።

«ለምን አልተናገሩም?»

«ብናገር ቤትህ ተቀመጥ ይሉኛል» አሉ። «ቤት ደግሞ ማንም የለኝም።»

አሳዘኗት። ወረቀት አወጣችና የነገሯትን በእሳቸው ቃል ጻፈች። «ከሁለት ዓመት ወዲህ» ከሚለው ስትደርስ ግን እጇ «ከአንድ ዓመት ወዲህ» ብሎ ጻፈ። አንድ ዓመት ከሆነ ከገበያ ተመልሶ የሚሰበሰበው መድኃኒት በግማሽ ይቀንሳል፤ የጋሼም ጥፋት እንዲሁ።

«ላንብብልዎት» አለች።

«የለም። የጻፍሽውን አንቺው አታነቢውም። ሁለተኛ ሰው ይምጣ። ነርሷን ጥሪልኝ።»

ነርሷ መጣች፤ ወረቀቱን ተቀብላ ማንበብ ጀመረች። «…ከአንድ ዓመት ወዲህ የሚዛኑን ቁጥር ሳላይ…»

«ሁለት ነው ያልኩት» አሉ ጋሼ።

ነርሷ ቀና ብላ የጥራት ኃላፊዋን አየቻት። ኃላፊዋ መሬት መሬት ታያለች።

«ለኔ አስበሽ ነው፤ ይገባኛል» አሉ ጋሼ። «የቀረውን ዓመት ታዲያ ማን ሊሰበስበው ነው?»

ወረቀቱን ተቀበለች። ስህተቱ እንዲነበብ «አንድ» የሚለውን በአንድ ሰረዝ ብቻ ሰርዛ፣ ከላዩ «ሁለት» ብላ ጻፈች፤ አጠገቡ ቀኑን ጽፋ ፈረመች። እንዲህ አድርጎ ማረምንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ነርሷ እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ በምስክርነትም ፈረመች።

«መስመሩ የት ነው?» አሉ ጋሼ።

እጃቸውን ይዛ መስመሩ ላይ አሳረፈችው። ቀስ ብለው ፈረሙ፤ እስክሪብቶውንም መለሱላት።

«ሰዓቱን ጻፊበት» አሉ። «የአሁኑን።»