ሚስማር ያልተመታበት ግድግዳ

ካርታ ሠሪ ሁሉን ያውቃል የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እኔ ካርታ ሠሪ ነኝ፤ የማውቀው ግን ሚስማሮቹን ብቻ ነው። መሬቱ በሚሰምጥበት ሰፈር አንድ የመለኪያ ክፍል ሠራተኛ፣ እኛ ባለ ሚስማሩ የምንለው፣ ቤት ለቤት እየዞረ ግድግዳ ላይ ሚስማር ይመታል። ዓመት ቆይቶ ይመለስና እያንዳንዱ ሚስማር ምን ያህል ወደ ታች እንደወረደ ይለካል። ሚስማሮቹ በሥርዓት የተሰለፉ አይደሉም። አንዱ ቤት ውሻ አለ፣ ሌላው ቤት በር የሚከፍት የለም፤ እንዲህ እንዲህ እያለ እዚህ ሦስት ተጠጋግተው እዚያ ማዶ ሰፊ ቦታ ባዶውን ይቀራል። በል እንግዲህ ከዚህ መስመር አውጣ የምባለው እኔ ነኝ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። አጠገብ ላጠገብ ያሉትን ነጥቦች በቀጥታ መስመር እያያያዝክ ሰፈሩን በሙሉ በሦስት ማዕዘን ትሸፍነዋለህ፣ እንደ መረብ። አንዱ ጫፍ ሁለት ሴንቲሜትር፣ ሌላው ጫፍ ስምንት ከሰመጠ፣ አምስት የሚሆነው መካከላቸው ላይ ነው ትላለህ። የአደጋው ወሰን አምስት ስለሆነ፣ አምስት የሆኑትን ቦታዎች ሁሉ ስታገናኛቸው መስመር ይወጣል። ከመስመሩ ውስጥ ያለ ቤት ይፈርሳል፣ ባለቤቱም ምትክ ቤት ይሰጠዋል። ውጭ የቀረው ደህና ነህ ይባልና እዚያው ይኖራል። ሚስማር በሌለበት ቦታ መሬቱ ምን እየሠራ እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ካርታ ግን አላውቅም ማለት አይችልም። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ መካከል ነው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ይኸው ጢም አውጥቼም «ቀጮ» እያለች ትጠራኛለች። ባለ ሚስማሩ መጀመሪያ በሯን ያንኳኳ ጊዜ ግድግዳዋን አስለስና ቀለም ማስቀባቷ ነበር። ቀለሙ እንኳ ሳይደርቅ ልትበሳብኝ ነው ብላ አባረረችው። እሱም ክርክር የማይወድ ዓይነ አፋር ነውና ሌላ ቤት ሄዶ መታ። የዚያ ሰፈር ሰው እንዲህ ነው፤ ጣሪያው ቢያፈስ ይችላል፣ የተቀባ ግድግዳውን ግን ማንም እንዲነካበት አይፈልግም።

ዘንድሮ በሯ አልዘጋ አለ። በቢላዋ ላጥ ላጥ ስታደርገው ተዘጋ፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና እምቢ አለ። ከዚያ ከአልጋዋ ራስጌ ስንጥቅ ወጣ። መጀመሪያ ፀጉር ያክል ነበር፣ በኋላ መዳፌን አስገባ። እሷ እየሳቀች፣ እዚህ ጋ መስኮት አምሮኝ ነበር፣ ያለ ወጪ ተከፈተልኝ አለችኝ። ሳቋ አንጀቴን በላው።

ካርታውን ለማውጣት ስቀመጥ መጀመሪያ የፈለግሁት የእሷን ቤት ነው። በዙሪያዋ አራት ሚስማሮች አሉ። በግራና በቀኝ ያሉት ሁለቱ ክፉኛ ሰምጠዋል፤ በላይና በታች ያሉት ሁለቱ ንቅንቅ አላሉም። አራት ነጥብ ደግሞ በሁለት መንገድ ነው ወደ ሦስት ማዕዘን የሚከፈለው። ደህናዎቹን ሁለቱን ካገናኘህ መካከሉ ደህና ይሆናል፤ እህቴ ውጭ ናት። የሰመጡትን ካገናኘህ መካከሉም የሰመጠ ይሆናል፤ እህቴ ውስጥ ናት። ሚስማሮቹ ያው፣ ቁጥሮቹም ያው። ኮምፒውተሩ ቀጫጭን ሦስት ማዕዘን ስለማይወድ ደህናዎቹን አገናኘ። ሌላ ምክንያት የለውም።

የክፍላችን ኃላፊ ዘንድ ሄድኩ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ምንኛ በቀለለኝ። አስቀምጦ አዳመጠኝ። ስለ ስንጥቁ ነገርኩት፣ ደህናዎቹን ያገናኘችውን ያቺን አንዲት መስመር ወደ ሰመጡት ላዙራት አልኩት። ሁለቱም አከፋፈል ትክክል መሆኑን አልካደም። ከዚያ በእርጋታ የማን ቤት እንደሆነ ጠየቀኝ። የእህቴ ነው አልኩ።

«የሌላ ሰው ቤት ቢሆን አዙራት እልህ ነበር» አለኝ። «የእህትህን ቤት በገዛ እጅህ ካስገባህ ግን ነገ ካርታውን የሚያምነው የለም። ማሽኑ እንዳወጣው ይሂድ። ሚስማር ምቱላትና በሚቀጥለው ዙር ትግባ።»

የሌላ ሰው ቤት ቢሆን። ይህችን ቃል እስከ ዛሬ እያመነዠኳት ነው።

በማግስቱ ከባለ ሚስማሩ ጋር ሄድን። እህቴ ከግድግዳው ሥር ያሉትን የአበባ ጣሳዎች አንስታ፣ ቦታውን በጨርቅ ወልውላ በር ላይ ጠበቀችን። ባለ ሚስማሩን ይቅርታ ጠየቀችውና በራሷ ቀለደች።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» አለች።

ስለ ኮምፒውተሩ ስነግራት ደግሞ፣ ቀጭን የማይወድ ከሆነ አንተን ማን ቀጠረህ አለችኝ። ሚስማሩ ሲገባ ልስኑ ተፈረፈረ። ሳትቆጣ ፍርፋሪውን ጠርጋ ሰበሰበች። ባለ ሚስማሩ በመለኪያው አይቶ ቁጥሩን መዘገበና ዕቃውን ሸከፈ።

«በቃ፣ አሁን ገባሁ?» አለችኝ።

«ገና ነሽ እትዬ።»

«ሚስማሩ ተመታ አይደል እንዴ ቀጮ?»

መስመጥ ማለት የሁለት ልኬት ልዩነት ነው። ዛሬ የተመታ ሚስማር የት እንዳለ ይናገራል እንጂ ወዴት እየሄደ እንደሆነ አይናገርም። ዓመት ቆይተን ስንመለስ ነው አልኳት። እስከዚያ እኔ ጋ ነይ ብዬ ለመንኳት። አንዲት ክፍል ውስጥ ከሚስትህና ከልጆችህ ጋር የት ልተኛ፣ ጣሪያ ላይ? አለችኝ። ደግሞም ትቼው ከወጣሁ ባለቤት የለውም ብለው ከመዝገቡ ይሰርዙኛል አለች። እውነቷን ነበር፤ ደንቡ እንዲያ ይላል። ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስመለስ መንገድ ላይ አለቀስኩ።

ክረምቱ ሊያበቃ ሲል የራስጌው ግድግዳ ወደ ውስጥ ተደረመሰ። ጠዋት ነበር፤ ገና ከአልጋዋ አልተነሳችም። ጎረቤቶቿ አፈሩን በእጃቸው ሲዝቁ ደረስኩ። ስናወጣት ሞታ ነበር። ስለዚያ ቀን ሌላ የምለው የለኝም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከቀብሯ በኋላ ሰፈሩ እንደገና ይለካ፣ ካርታውም ይታደስ ተባለ። ኃላፊው ለሌላ ሰው ልስጠው ወይ አለኝ፤ ዓይኔን ማየት አቅቶት ነበር። እኔው እሠራዋለሁ አልኩ። አንድ ጊዜ እንኳ መስመሩ እሷን አቅፎ ሲያልፍ ማየት ፈለግሁ።

ባለ ሚስማሩ ቁጥሮቹን አመጣልኝ። የእህቴ ቤት ሁለተኛ ልኬት የለውም። ሚስማሩን ከፍርስራሹ ውስጥ ፈልጎ አግኝቶታል፣ ግን የወደቀ ሚስማር አይለካም አለኝ፣ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ። ሁለት ልኬት የሌለው ነጥብ ደግሞ ከሥራው ይወጣል። ያን ደንብ ለአዲስ ሠራተኞች የማስተምረው እኔ ነኝ።

አወጣሁት። የቀሩት ያው አራቱ ናቸው፤ ሁለቱ ክፉኛ የሰመጡ፣ ሁለቱ ንቅንቅ ያላሉ። ኮምፒውተሩ እንደገና ደህናዎቹን አገናኘ። መስመሩ እንደ ድሮው ትቷት አለፈ። ካርታው ላይ እህቴ አሁንም ደህና ናት።

ኃላፊው መጥቶ ከኋላዬ ቆመ።

«አሁን አዙራት» አለኝ ቀስ ብሎ። «አሁን ማንም ምንም አይልም።»

የተጫንኩት አንድ ቁልፍ ነው። መስመሩ ታጥፎ ፍርስራሹን አስገባው። «ገባሽ እትዬ» አልኳት።