ያልተነበበው የመጀመሪያ ዜና

አሰፋሽ የአርባ ምንጭ ቴሌቪዥን ጣቢያ የመጀመሪያዋ ዜና አንባቢ ናት። ይህን የሲቀላ ሰፈር ባጃጅ ነጂ ሁሉ ያውቃል፤ የከተማዋ ትምህርት ቤቶችም የወላጆች ቀን በመጣ ቁጥር እየጠሩ ያስጨበጭቡላታል። በጣቢያው ከቀሩት ሰዎች እንዳልሆነች የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ውሸቱን የጀመረችው እሷ አይደለችም፤ ሳንፈርድባት በፊት ይቺ ትያዝላት። ጣቢያው አንደኛ ዓመቱን ሲያከብር መጽሔት ያዘጋጀ አንድ ችኩል ሰው ከፎቶግራፏ ሥር «የመጀመሪያውን ዜና ያነበበች» ብሎ ጻፈ። ነገ አሳርመዋለሁ አለች። ነገ ሌላ ሥራ መጣ። በሳምንቱ ደብረ ታቦር ያሉት እናቷ ገጹን በመስታወት አስገብተው ሳሎን ሰቀሉት። እናት ሳሎን የሰቀለችውን ደግሞ ማን ደፍሮ ያወርዳል? እንዲህ እንዲህ ሲል አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ።

ዘንድሮ ጣቢያው አዲስ ስቱዲዮ ሠርቶ ጨረሰና ምረቃውን ከአሥራ ሦስተኛ ዓመት በዓሉ ጋር ሊያደርገው ሆነ። ስቱዲዮው በስሟ እንዲጠራ ተወሰነ። ጽሑፉ በነሐስ ተቀርጾ በሩ ላይ ከተለጠፈ በኋላ አሰፋሽ በጓሮ በር መግባት ጀመረች።

የጣቢያውን ታሪክ በፊልም የሚያዘጋጀው ሰሊሆም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። የካሴት ክፍሉ ኃላፊ እሷ ናትና ጣቢያው የተከፈተበትን ዕለት ካሴት ጠየቃት። ጠፍቷል አለችው። የት ይጠፋል! ቁም ሳጥኗ ውስጥ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ «የሙዝ ተባይ መከላከያ፣ ክፍል ሦስት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ተቀምጧል። ክፍል ሦስትን ፈልጎ የሚመጣ ፍጡር እንደሌለ ታውቃለች።

ሰሊሆም አላኮረፈም። እንግዲያው ፊልሙን በእሷው ቃል እንደሚጀምር ነገራትና ካሜራ ደቅኖ፣ ያን ቀን ዜናውን ስታነብ ምን እንደተሰማት ጠየቃት። ሌላው ሲዋሽላት ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፤ በገዛ አፍ፣ ለዚያውም ካሜራ ፊት መዋሸት ግን ሌላ ሆነባት። ራሴን አሞኛል ብላ ተነሳች።

ምሳ ሰዓት ላይ በሯን ዘግታ ካሴቱን አጫወተችው።

ያን ቀን ሥርጭቱ ቀጥታ ነበር። ከደጋው የመጡት የጋሞ ሽማግሌ፣ በአገሩ ሹመት ሃለቃ የሚባሉት ኤርጫፎ፣ በሦስት ደቂቃ እንዲመርቁ፣ ከዚያ እሷ ዜና እንድታነብ ታስቦ ነበር። ሃለቃ እንደ አገሩ የምርቃት ልማድ እርጥብ ሣር ይዘው ተነሱ። አርባ አንድ ደቂቃ መረቁ። የሚመርቅ ሽማግሌ አይቋረጥም፤ ሥራ አስኪያጁ ላብ በላብ ሆኖ ሰዓቱን እያየ ቆመ እንጂ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ደፍሮ ያቋረጣቸው ጄኔሬተሩ ነው፤ ነዳጁን ጨርሶ ጸጥ አለ። አሰፋሽ ከድንጋጤዋ ብዛት በማግሥቱ ድምጿ ተዘጋ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዜና ያነበበው አበጋዝ የሚባል ባልደረባዋ ነበር፤ እሱም ዓመት ሳይሞላው ወደ ሐዋሳ ተዛወረ።

አሁን በካሴቱ ላይ ራሷን አየች። የሃያ አራት ዓመት ወጣት፣ አገሩን ከረገጠች ወር ያልሞላት፣ ሁለት እጇን ዘርግታ አንድም ጋሞኛ ሳይገባት «አሜን» ትላለች። ዛሬ ግን ጎረቤትና ገበያ አስተምረዋታል፤ ጆሮዋን ስትሰጥ ሁሉም ይገባት ጀመር። በምዕራብ ዓባያ መንገድ ጎርፍ የወሰደው ድልድይ ይሠራ፣ ይላሉ ሃለቃ። ከሲቀላ የራቀው ውሃ ይመለስ። የጫሞ ሐይቅ ዓሣ አጥማጅ መረቡ አይቀደድ። አሰፋሽ ካሴቱን አቁማ መልሳ አጫወተችው። ልታነበው የነበረው ዜና እኮ ነው! ድልድዩ፣ ውሃው፣ መረቡ፤ ያን ሰሞን አገሩ ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነበር። ብቻዋን ሳቀች፤ ከዚያ አፈረች፤ ካሴቱን ይዛ ወደ ሰሊሆም ሄደች።

ሰሊሆም የተለጠፈውን ወረቀት አንብቦ፣ ክፍል አንድና ሁለትስ ምን እንደሆኑ በትሕትና ጠየቃት።

የበዓሉ ዕለት ስቱዲዮው ጢም አለ፤ ሥርጭቱም እንደ ድሮው ቀጥታ ነበር። ሃለቃ ኤርጫፎ አርጅተው፣ ሁለት ሰው ደግፏቸው ከፊት ተቀምጠዋል። አሰፋሽ ማይክራፎኑን ይዛ ተነሳች።

«ስሜ ከበሩ ላይ ይውረድ» አለች። «የመጀመሪያውን ዜና ያሰሙት ሃለቃ ናቸው። ሁለተኛው አበጋዝ ነው። እኔ ሦስተኛ ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ዝም ብያለሁ፤ ይቅር በሉኝ።»

ከዚያ ካሴቱ ታየ። ሰዉ ያን ላብ በላብ የሆነ ሥራ አስኪያጅ ሲያይ በሳቅ ፈረሰ። ሃለቃ ግን አልሳቁም፤ ማይክራፎኑን አምጡልኝ ብለው በእጃቸው ጠሩ።

«እኔ ዜና አልተናገርኩም» አሉ። «ዜና ማለት የሆነውን መናገር ነው። እኔ እንዲሆን ለመንኩ። ደግሞ ያስረዘምሽብኝ አንቺ ነሽ፤ እጅሽን ዘርግተሽ አሜን፣ አሜን ስትዪ በምን አንጀቴ ላቁም? እግሬ ዝሎ ነበር።»

ሳቁ ጋብ እስኪል ጠበቁ።

«የለመንኩት ሆነ ወይ? ካሴቱ ሁሉ አንቺ ዘንድ ነው፤ አንቺ ንገሪን።»

አሰፋሽ ሰሊሆምን አየችው፤ እሱ ካሜራውን ወደ እሷ አዞረ። ትከሻዋን አቅንታ በጋሞኛ ጀመረች። ድልድዩ ተሠርቷል፤ የተመረቀበት ካሴት ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ይገኛል። ሲቀላ ውሃው በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣል፤ በመጣበት ቀን ግን ጥሩ አድርጎ ይመጣል። የአጥማጆቹ መረብ ዛሬም ይቀደዳል፤ የጫሞ ጉማሬ ምርቃት አይሰማም። ሰዉ በየዜናው መሃል አሜን ይላል፤ ለጉማሬውም አሜን አለ።

«አንድ ቀረሽ» አሉ ሃለቃ።

ሌላ አላስታወሰችም። በካሴቱ ላይም ሌላ አልሰማችም።

«ያ ማሽን ነዳጁን ጨርሶ ከጠፋ በኋላ የመረቅሁት ነው። አንቺ አልገባሽም፤ አሜን ብቻ አልሽ። ይቺ ከሩቅ የመጣች ልጅ ሰው ታግኝ፣ አገሩ አገሯ ይሁንላት ብዬ ነበር።»

አሰፋሽ እንባዋ መጣ፤ ዜና እያነበበች ነውና ግን በመዳፏ ጠረግ አድርጋ ካሜራውን አየችው።

«እሱም ሆኗል» አለች በጋሞኛ። «ዜናው ይኸው ነበር።»