ጋቢ የለበሰው ቴሌቪዥን

«አንዲት ቃል ከጨመርኩ ይቺ ድንኳን አሁኑኑ ከላዬ ትውረድ!» አልኩና መሐላዬን ለማጽናት ምሰሶውን በመዳፌ መታሁት። የመካነ ሰላም ንፋስ ተንኮለኛ ነው፤ ጠብቆ ጠብቆ በዚያች ቅጽበት ሸራውን ከነገመዱ አንቀጠቀጠው።

«ቀስ ብለህ ማል፣ ውበቱ!» አለ ጓደኛዬ አምላኩ፣ የንፍሮ ሳህኑን ወደ ደረቱ ሰብስቦ። «ከሥሯ ያለኸው አንተ ብቻ አይደለህም እኮ።»

ለቀስተኛው ሳቀ። ከሦስት ሺህ ሰው በታች አልነበረም። የቅሬው፣ የሰፈራችን ዕድር፣ አግዳሚ ሁሉ ሞልቶ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሚስቴ የትምወርቅ ከተቀበረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። በሚስቱ ልቅሶ ሰው የሚያስቅ ባል አይታችሁ ካላወቃችሁ እነሆኝ። ምን ላድርግ? ዝም ካልኩ ልጄ ትህትና ትጠይቀኛለች። እሷ ከምትጠይቀኝ ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

«የት ደረስኩ?»

«ደሴ ደርሰሃል» አለ አምላኩ። «የትምወርቅን ይዘህ።»

«አዎ፣ የትምወርቅን ይዤ! የአዩብ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሾፌሩ ጀርባ ካለው ወንበር፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን። አቀስታ ስንደርስ ብርዱን ታውቁታላችሁ። ጋቢዬን አወለቅኩና አለበስኳት። ‹አንተስ?› ብትለኝ ‹እኔን ብርድ ይፈራኛል› አልኳት። ፒያሳ ወርደን ሃምሳ ሱቅ አዳረስን። ባለሱቆቹ ‹ኧረ እኛ ጋ ግቡ!› እያሉ ሲሻሙን መኪና ሁሉ ቆመ። መጨረሻ ሁዜይፋ የሚባል ልጅ ሱቅ ገባንና መሀል ላይ ወንበር አስመጥቼ አስቀመጥኳት። ‹ያሉህን ቴሌቪዥኖች በሙሉ አብራ፤ መራጯ እሷ ናት› አልኩት። አርባውንም አበራው!»

«ጆሮዋ አልሰማ ብሏት አልነበር?» አሉ አንዲት ሴት ከኋላ።

«ለዚያ እኮ ነው! ሥዕሉንማ ማንም ይመርጣል። ሁዜይፋ ምን አለኝ? ‹የዘንድሮ ቲቪ ቀጭን ነው፤ ድምፁም እንደዚያው። ሳውንድ ባርና ሰብውፈር የሚባል ድምፅ ማጉያ ካልጨመሩበት የገዙት ሥዕል ብቻ ነው።› ከዚያ ‹ከሶፋው እስከ ግድግዳው ስንት እርምጃ ነው?› ብሎ ጠየቀኝ። በዚያ ልክ ነው አሉ የሚመረጠው።»

«ስንት ነው አልከው?»

«ሃያ!»

«አንተ ሰውዬ» አለ አምላኩ፣ «ቤትህ ከነግቢው ሃያ እርምጃ አለው?»

«አትቁረጠኛ! ልጁ ሰብውፈሩን እግሯ ሥር አስቀመጠላትና መዳፏን ጫነችበት። ‹ውቤ፣ ይሄስ ደረቴ ድረስ ይገባል› አለችኝ። ‹ጠቅልለው!› አልኩት። ሰባ አምስት ኢንች!»

«ትናንት ስልሳ አምስት ነበር።»

«ትናንትማ ሐዘኑ ከብዶኝ አሳንሼው ነው።»

ቴሌቪዥኑ ሳሎን ግድግዳው ላይ ነው። ሐዘን ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም፤ አስከሬኗ ከቤት የወጣ ዕለት ሴቶቹ ያንኑ ጋቢዬን አልብሰውታል። የሰፈሩ ሰውም ለእሷ ክብር ብሎ የራሱን ዘግቷል። እኔን በጀኝ። ጋቢ ገልጦ ኢንች የሚለካ ለቀስተኛ የለም።

የምትለካኝ አንዲት ሰው ነበረች። የትምወርቅ በተጋባን በሳምንቱ ለዘመዶቿ «ውቤ የሚለውን በአሥር አካፍሉት፤ የቀረው እውነት ነው» ብላ ነገረቻቸው። እኔ ሦስት መቶ ኩንታል ጤፍ ሸጥኩ ስል እሷ ሻይ እየቀዳች፣ ቀና ሳትል፣ «ሠላሳ» ትላለች። አልቆጣም ነበር፤ እንዲያውም የማወራው ያቺን «ሠላሳ» ለመስማት ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ጆሮዋ እየራቀ ሄደ። ራሴን ይወቅረኛል፣ ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮ አለ ትላለች። ሺህ እላለሁ፤ ዝም። አሥር ሺህ እላለሁ፤ አፍ አፌን አይታ ፈገግ ትላለች። የሚያካፍለኝ ጠፋ። ቴሌቪዥን ስናይ «ድምፁን ጨምርልኝ» ስትለኝ እኔ ሪሞቱን እየወቀጥኩ «ይሄ አሮጌ ቲቪ ነው ድምፅ የሌለው» እላታለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ትህትና ከድንኳኑ ጠርታ ቤት አስገባችኝ። ከኮምቦልቻ በመጣች በሁለት ቀን ፊቷ ባዶ አጥንት ሆኗል። እጇ ላይ አንዲት የተጨማደደች ወረቀት አለች።

«አባዬ፣ ይሄን ከእማዬ ነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ አገኘሁት። ደሴ ሄዳ በአስቸኳይ እንድትታይ እዚህ ጤና ጣቢያ የጻፉላት ነው። የደሴው ሐኪም ምን አለ?»

«ምን ይላል! ሦስት ሆነው ነው ያዩዋት። አንዱ እንዲያውም ፕሮፌሰር ነው። ‹ከእኛ የተሻለ ጤነኛ ናት፤ ዕድሜ ነው› አሉ።»

«ታዲያ እዚህ ላይ ምንም አልጻፉም።»

«ዘመኑ የኮምፒውተር ነው ልጄ! ወረቀት ማን ይጽፋል?»

«መድኃኒትስ?»

«ትረፍ አሉ። ዕረፍት ነው መድኃኒቷ።»

ወረቀቷን ጭኗ ላይ አድርጋ በመዳፏ ዳበሰቻት። «በስልክ ‹አባትሽ ደሴ ሊወስደኝ ነው› ብላኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ስደውልላት አትሰማኝም። ‹ሄድሽ ወይ?› እላታለሁ፣ ‹ቲቪው መጣ› ትለኛለች። አባዬ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅህም። ሐኪም አይቷታል? ታይታ ከሆነ፣ ቀኗ ነው ብዬ እቀበላለሁ።»

«እኔ ልሙት ታይታለች!»

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ «እሺ» አለችና ወረቀቷን በራሷ ነጠላ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት። አመነችኝ። በዕድሜዬ አንድ ሚሊዮን ነገር አውርቻለሁ፤ ያችን ቀን ያህል ግን ‹ምነው ባልታመንኩ› ያልኩበት የለም።

እሷ ወጥታ እኔ ከቴሌቪዥኑ ጋር ቀረሁ። ከመሞቷ በፊት ረቡዕ ዕለት፣ ሰቅለን ስንጨርስ የትምወርቅ በእውነትም መዳፏን ሰብውፈሩ ላይ አድርጋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከፈትኩት። ጨመርኩት። ብርጭቆዎቹ ቁም ሳጥን ውስጥ ተንጫጩ፤ ጣራው ነዘረ፤ ከላላ ከተማ ያለ ሰው ዘፈኑን ሰምቶ እስክስታ የወረደ ይመስለኛል። ሪሞቱ መቶ ላይ ደረሰ። ከመቶ በላይ ቁጥር የለውም። የትምወርቅ ዞር ብላ ፈገግ አለችና «ውቤ፣ ድምፁን ትንሽ ጨምርልኝ» አለችኝ።

«እሺ» አልኩና ሪሞቱን እንዲያው በከንቱ ጫንኩት። «አሁንስ?» አልኳት በእጄ።

«አሁን ጥሩ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ፊቷን እየታጠበች ወደቀች። የደም ግፊት ነው፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አሉ። ሳሙናው ከእጇ አልወጣም ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ሣልስቷ ወጥቶ ሰው ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰ፣ አዩብ ሾፌሩ መጣ። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ለቀብሩ አልደረሰም። አቅፎኝ ትከሻዬ ላይ አለቀሰ። የቅሬው ሰዎች ድንኳኗን ለማንሳት ዳር ዳሩን ገመድ መፍታት ጀምረዋል።

«ይኸው ምስክር መጣ!» አለ አምላኩ። «አዩብ፣ ዛሬ ጠዋት ሰማንያ አምስት ገብቷል። እስቲ አንተ ፍረደን፣ ስንት ኢንች ነው?»

«ይጠጣ እንጂ መጀመሪያ!» አልኩ። «ሻይ አምጡለት! ውሃ አምጡለት! አዩብ፣ ያ መንገድ እንዴት ነው? ኧረ ንፍሮም ስጡት!» አንድ መቶ ነገር ባቀርብለት አፉ የሚሞላ መስሎኝ ነበር።

ሻዩን ያመጣችለት ትህትና ናት። ብርጭቆውን አቀበለችውና አጠገቡ ቁጭ አለች።

«አዩብዬ፣ እማዬን ደሴ ስትወስዳት መንገዱ ላይ እንዴት ነበረች? አሟት ነበር? ብርዱስ?»

አዩብ ብርጭቆው ውስጥ ተመለከተ። ሳይጠጣ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«አፉ በይኝ ትህትና» አለ ቀስ ብሎ። «እሱን ብዬ ነው የመጣሁት። ጥፋተኛው እኔ ነኝ።»

«የምኑ ጥፋተኛ?»

«ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ሁለቱም መጥተው ነበር። እትዬ የትምወርቅ ገብተው ተቀምጠዋል፣ ከጀርባዬ። ጋሽ ውበቱ ‹ስንመለስ ቲቪ አለኝ፤ ጣራ ላይ አይሆንም፣ መንገዱ ይሰብረዋል› አሉኝ። የመልሱ ቦታ ሞልቷል፣ ያለችኝ የሁለታችሁ ወንበር ናት አልኳቸው። ስንነጋገር እትዬ አፍ አፋችንን ሲያዩ ቆዩ። ማንም ሳይነግራቸው ገባቸው። ‹እኔ የሚመጣው ሳምንት እሄዳለሁ፤ እሱን ያምጣው› ብለው ወረዱ። በእጃቸው ወረቀት ነበር፣ መልሰው ነጠላቸው ላይ ቋጠሩት።» ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ከጎኔ የሞተሩ ክዳን ላይም ቢሆን ይቀመጡ ማለት እችል ነበር። ወላሂ፣ አላልኩም።»

«ጋቢውስ?» አለች ትህትና። ድምፅዋ ጨርሶ ከፍ አላለም።

«በጋቢው የቲቪውን ካርቶን ጠቀለልንበት። እንዳይፋቅ።» ከዚያ አምላኩ ቅድም የጠየቀው ትዝ አለው መሰለኝ፣ ወደ እሱ ዞሮ፣ «ሃምሳ አምስት ነው» አለው።

የሳቀ የለም። አምላኩ ንፍሮውን አንድ በአንድ ወደ ሳህኑ መለሰ። ትህትና የነጠላዋን ቋጠሮ በጣቶቿ ይዛ፣ ሳትፈታው፣ በተከፈተው በር ወደ ሳሎን ትመለከታለች። መሐላ ፈለግኩ። በቅዱስ ሚካኤል፣ በእናቴ፣ በዓይኔ ብርሃን፤ ስንቱን ስምል የኖርኩ ሰውዬ አንድም አልመጣልኝም። ሸራው ከምሰሶው ተለቅቆ ከአናታችን በላይ ዝቅ ማለት ጀመረ።

ተነስቼ ቤት ገባሁና ጋቢውን ከቴሌቪዥኑ ላይ አወረድኩት። ይዤው ወጣሁ፤ አግዳሚዬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ይነሱልን፤ የቀረችው ይቺ ወንበር ናት» አሉኝ የቅሬው ሰዎች።

ወደ ዳር ተጠጋሁ። ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቅኩና ጋቢውን አጥፌ አነጠፍኩበት።