አሥራ አምስት ኪሎ

ቬንዴሊን ለእኛ ማረፊያ ቤት ዕቃ መሸከም ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ያለነው ታትራ ተራራ ላይ ነው። መኪና አይደርስብንም፤ ከታችኛው መንገድ እኛ ጋ ለመምጣት ሁለት ሰዓት ተኩል ዳገት መውጣት ነው። ድንቹም፣ ቢራውም፣ የጋዝ ሲሊንደሩም የሚመጣው በሰው ጀርባ ነው። ቬንዴሊን ከራሱ በላይ በሚቆም የእንጨት መሸከሚያ ሰባ ኪሎ ጭኖ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣጥፎ፣ ላገኘው መንገደኛ ሁሉ ሰላምታ እየሰጠ የሚወጣ ሰው ነበር። እኔ ሬጊና እባላለሁ። ማረፊያውን የማስተዳድረው እኔ ነኝ።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ጠዋት እኛ ጋ ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ ለመንገደኛ መያዣ ሰንሰለት የተሰካበት አለት ላይ ስስ በረዶ አዳለጠው። በቀኝ እጁ ሰንሰለቱን ያዘ። ሰውነቱና ጭነቱ ወደ ታች ሄዱ፤ ክንዱ እላይ ቀረ። በኋላ ሲነግረኝ ትከሻው ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ሲቀደድ የሰማ መስሎት ነበር።

ማረፊያው በር ላይ ሳየው የደነገጥኩት ጀርባው ባዶ ስለነበር ነው። ክንዱን ገና አላየሁትም። ይህ ሰው በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ጭነት መንገድ ላይ ትቶ አያውቅም።

"ዕቃውስ?" አልኩት።

"ሰንሰለቱ ጋ ነው።" ፊቱ አመድ መስሏል። "ሬጊና፣ እጄ እንቢ አለኝ።"

አብረን ወረድን፤ መኪና መንዳት ስላልቻለ ከተማ ድረስ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አየው፤ ክንዱን ወዲህ ወዲያ አድርጎ ፈተነው።

"ጅማቱ ተቀድዷል፤ ግን ጨርሶ አልተበጠሰም" አለው። "ኦፕራሲዮን ማድረግ ይቻላል። ነገር ግን እንደ እርስዎ ያለ ጉዳት የደረሰበት ብዙ ሰው በእንቅስቃሴ ብቻ ይሻለዋል። ሦስት ወር እንሞክረውና ካልሆነ ያኔ እናስብበታለን።"

"ኦፕራሲዮን ካልሆንኩ መቼ እሸከማለሁ?"

"እሱን የሚወስነው የእርስዎ ትዕግሥት ነው።"

ወደ ቤት ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ "ታገሥ የሚለው እኔን ነው?" አለ።

ትዕግሥት ማለት መተኛት መሰለው። ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልጋና ወንበር ላይ ከረመ። ልጠይቀው ብሄድ ሻይ በግራ እጁ እየጠጣ፣ ጢሙ አድጎ፣ መስኮት መስኮት ሲያይ አገኘሁት። ትከሻው እንደ ዛገ ማጠፊያ ደርቋል። ኩባያውን ከጠረጴዛው ወደ መደርደሪያው ማንሳት አቃተው። ክንዱ ከሚያመው ይልቅ ለምንም አለመፈለጉ እንደሚያመው ገባኝ። በማግስቱ ኦቲሊያ ጋ ወሰድኩት።

ኦቲሊያ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። በወጣትነቷ የበረዶ መንሸራተት ተወዳዳሪ ነበረች፤ ሁለቱም ጉልበቶቿ ተሰፍተዋል። ከቬንዴሊን ጋር አንድ ክፍል ስለተማሩ ለእሱ የምትቆጥበው ቃል የላትም።

"ሦስት ሳምንት ምን ስትሠራ ከረምክ?"

"ሳርፍ።"

"ማን ነው እረፍ ያለህ?"

"ተቀድዷል አሉኝ እኮ።"

"የተቀደደው ትከሻህ ነው። እግርህ ምን ሆነ? ሳንባህስ?"

"እነሱ ደህና ናቸው።"

"እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ሬጊና ጋ ውጣ። ባዶህን።"

"ባዶዬን?" አለ ቬንዴሊን፣ ራቁትህን ውጣ ያለችው ይመስል።

"ባዶህን። ሰው ይስቅብሃል፤ ይሳቅ።"

ከዚያ ሥራውን አሳየችው። ጎንበስ ብሎ ክንዱን እንደ ተንጠለጠለ ባልዲ ማወዛወዝ፤ በጣቶቹ ግድግዳ ላይ እንደ ሸረሪት መውጣት፤ በር ላይ የታሰረ ላስቲክ መሳብ። አንድ ሕግም ሰጠችው። "ሕመሙን ከአሥር ለካው። እስከ ሦስት ከሆነ ቀጥል፤ አራት ከሆነ አቁም። በማግስቱ ከባሰብህ አብዝተሃል ማለት ነው።"

በማግስቱ መጣ። ባዶ ጀርባውን፣ ምርኩዝ በግራ እጁ ይዞ። ሌላው ተሸካሚያችን ብላዤይ በሩ ላይ ስድሳ ኪሎውን እያወረደ ነበር። ብላዤይ ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ቬንዴሊንን አጎቴ ይለዋል፤ ሥጋ ዘመድ ግን አይደሉም።

"አጎቴ፣ ዛሬ ምን ይዘህልን መጣህ? አየር? አየር እኮ እዚህም አለን።"

"የእናንተ ቆሽሿል" አለው ቬንዴሊን፤ አልፎት ገባ።

የሳቀበት መስሎኝ ነበር፤ ወጥ ቤት ሲገባ ግን ጆሮው ቀልቶ አየሁት። ምድጃው አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ ጣቶቹን ወደ ላይ ማራመድ ጀመረ። ትከሻው ጋ ሲደርስ ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ጣቱ በቆመበት በእርሳስ መስመር አሰመርኩ። በየቀኑ ወጣ፤ በየቀኑ አሰመርን። አንዳንድ ሳምንት መስመሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባሉ፤ አንዳንድ ሳምንት አንድ ጣት ያህል ከፍ ይላሉ። ዳቦና ጋዜጣ በትንሽ ቦርሳ ማምጣት ተፈቀደለት፤ ቀጥሎ አምስት ኪሎ፣ ክብደቱ ወገቡ ላይ እንዲያርፍ በሰፊ ቀበቶ ታስሮ።

በታኅሣሥ ስሕተት ሠራ። ክንዱ ከራሱ በላይ ሲደርስ ደስ አለውና ማንም ሳያየው ሠላሳ ኪሎ ጭኖ ወጣ። እዚህ ሲደርስ እየሳቀ ነበር። በማግስቱ ሸሚዙን መልበስ አልቻለም።

ኦቲሊያ አልጮኸችበትም። ቢጮኹበት ይሻለው ነበር።

"ስንት ነበር?"

"ሠላሳ።"

"ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ተመለስክ። ለማን ብለህ ነው?"

ቬንዴሊን በግራ እጁ ላስቲኩን አነሳ።

"ካሁን በኋላ ጣሪያው አሥራ አምስት ኪሎ ነው። አሥራ ስድስት ከሆነ በዚህ በር እንዳትመጣ፤ ዶክተሩ ጋ ሂድና ይስፋህ።"

ወደ ኋላ የተመለሰውን ሁለት ሳምንት ጥርሱን ነክሶ ጨረሰው። ያ ላስቲክ እጁ ላይ እንደ መቁጠሪያ ሆነ፤ ከሰው ጋር ሲያወራ እንኳ ይስበዋል።

በጥር ለስድስት ቀን የበረዶ ማዕበል መንገዱን ዘጋው። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ብላዤይ በትኩሳት ተኛ። እኛ ጋ የቀረው ዱቄት የሁለት ቀን ነበር፤ ድንቹም ተሟጧል። ቅዳሜ ሃያ እንግዳ ይመጣል። የሌሎቹ ማረፊያ ቤቶች ተሸካሚዎችም የራሳቸው ቤት ባዶ ስለሆነ ማንም ሊረዳኝ አልቻለም። ሰው ይጠቁመኝ ብዬ ቬንዴሊን ጋ ደወልኩ።

"ስንት ኪሎ ነው የምትፈልጊው?"

"ሰባ አምስት። ግን አንተን አይደለም የጠየቅኩት፤ እንዳታስበው።"

"አስቤ ጨርሻለሁ" ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ኦቲሊያ ጋ ደውዬ ሰውየው ሊያብድ ነው አልኳት። "እኔ መንገድ ላይ ቆሜ ልይዘው አልችልም" አለችኝ። "ወይ ገብቶታል፣ ወይ አልገባውም።"

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በረዶውን ከጫማው እያራገፈ ገባ። ቦርሳው ወገቡ ላይ ታስሯል። ውስጡ ዱቄት ነበር። አንስቼ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ አሥራ አምስት ኪሎ ልክ።

"ሌላውስ?" አልኩት።

"ታች ነው።" ሻዩን ቆሞ ጠጣና ወረደ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እንደገና መጣ። አሁን ድንች ነው፤ አሥራ አምስት ኪሎ። ያኔ ገባኝ። ወንበር ሳብኩለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

"ዛሬ ሁለት፣ ነገ ሁለት፣ ዓርብ አንድ" አለ። "ለትከሻዬ የተፈቀደለት አሥራ አምስት ነው። እግሬን ግን ማንም አልከለከለውም።"

"አምስት ጊዜ ልትወጣ?"

"ድሮ አንዴ የምወጣውን አምስቴ መውጣት ነው። የሚከፋው መንገዱ ማሰልቸቱ ብቻ ነው።"

ከመውረዱ በፊት ምድጃው አጠገብ ሄዶ ላስቲኩን ሳበ። ሕመምህ ከአሥር ስንት ነው አልኩት። "ሁለት" አለ፤ አሰበና "ሁለት ተኩል" ብሎ አረመው። ያቺ ግማሽ አስደሰተችኝ። ታኅሣሥ ላይ ቢሆን ዜሮ ነው ይለኝ ነበር።

ሐሙስ ነፋስ ነበር። ሁለተኛውን ጉዞ ሲመጣ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ፣ ሰንሰለቱ ያለበትን አለት ሩብ ሰዓት ፈጅቶ እንዳለፈው ነገረኝ። ቸኩሎ ሳይሆን እግሩን እያስተካከለ፣ በሁለቱም እጁ ይዞ። በቀኙም። ዓርብ የመጨረሻውን ጎመንና ምስር ይዞ ሲገባ ብላዤይ ትኩሳቱ ለቆት አብሮት መጥቶ ነበር።

"ሰባ አምስት ኪሎ በሦስት ቀን" አለ ብላዤይ። "አጎቴ፣ ቀንድ አውጣ እንኳ ቢሆን ሐሙስ ማታ ይጨርስ ነበር።"

"ቀንድ አውጣ ግን ትኩሳት ያዘኝ ብሎ አልጋ ላይ አልተኛም" አለው ቬንዴሊን። እኔና ብላዤይ ሳቅን፤ ብላዤይ ጎመኑን ከቦርሳው አውጥቶ ወደ ጓዳ ወሰደው።

በየካቲት ሐኪሙ እንደገና አየው። ቅዳዱ አሁንም አለ። ዙሪያው ያለው ጡንቻ ግን ጠንክሯል፤ ክንዱ ከፍ ይላል፤ ሐኪሙ ወደ ታች ሲጫነው አይወርድለትም።

"ኦፕራሲዮኑን እንተወው" አለው። "የሚያደርጉትን ግን እንዳይተዉ።"

ኦቲሊያ ጣሪያውን በየወሩ ትንሽ ትንሽ ከፍ አደረገችለት። ሃያ፣ ሃያ አምስት። በግንቦት የድሮ የእንጨት መሸከሚያውን ከተሰቀለበት አወረደ፤ ማንጠልጠያውን አሰፋ፤ ወገቡ ላይ የሚታሰር ቀበቶ ጨመረበት። ሰባ ኪሎ ዳግም አልያዘም፤ የሚይዝም አይመስለኝም። እሱም አይጠብቅም። አየር ሲለወጥ ትከሻው ይቆረቁረዋል፤ ያኔ ላስቲኩን አውጥቶ በሩ ላይ ያስራል።

በሰኔ አንድ ቀን አርባ ኪሎ ይዞ መጣ። እጆቹን ደረቱ ላይ አጣጥፏል። በረንዳው ላይ ከተቀመጡት እንግዶች አንዱ፣ ድሮ የሚያውቀው ሰው፣ "ቬንዴሊን፣ ጭነትህ አጠረ እንዴ?" አለው።

"አጠረ" አለ ቬንዴሊን። መሸከሚያውን በቀስታ አወረደ፤ ጀርባውን አቀና፤ የውኃ ኮዳውን በቀኝ እጁ ከፍ አድርጎ ጠጣ። ከዚያ ለሁለተኛው ጭነት ተመልሶ ወረደ።