ለየት ያለ ሾርባ

ኦዲል ሚኒሶታ ውስጥ ምራት ሆና አምስት ወር ብትቀመጥም አማቷ ወይዘሮ አርዲስ ይውደዷት ይጥሏት እስካሁን አላወቀችም። እሷ ባደገችበት ሉዊዚያና የጠላ ሰው በር ላይ ቆሞ ይናገራል፤ የወደደም አንገት ላይ ተጠምጥሞ ያለቅሳል። እዚህ ግን የወደደም የጠላም ፈገግ ብሎ "ኧረ ደህና ነው" ይልና ሌላውን ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተወዋል።

ስለዚህ በምስጋና ቀን በዓል ማግስት፣ አርብ ጠዋት፣ ወይዘሮ አርዲስ የትልቁን የበዓል ዶሮ የተርኪውን አጥንት ከነትሪው ወደ እሷ ሲገፉት ክው አለች። በዚያ ቤት ከበዓሉ የተረፈውን አጥንት ቀቅለው ሾርባ የሚሠሩት አርባ አንድ ዓመት ሙሉ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ዘንድሮ በረዶ አንሸራትቷቸው ቀኝ እጃቸው ጄሶ ውስጥ ገብቷል። እንዳሻሽ አድርጊው ብለዋት ወጡ። እንዳሻሽ ማለት በእርግጥ እንዳሻሽ ነው ወይስ እኔ እንደማደርገው? ባሏን ጎርደንን ብትጠይቀው፣ የእናቱን ንግግር ሠላሳ ሦስት ዓመት ሲያጠና እንደኖረና ገና እንዳልተመረቀ ነገራት።

እንግዲያው እንዳሻት አደረገች። አጥንቱን እስኪበታተን ቀቅላ መረቁን አጠለለች፤ ዱቄት በዘይት እያማሰለች የሸክላ ቀለም እስኪይዝ አጠቆረች፤ ሽንኩርት፣ ሰለሪና ቃሪያ ጨመረችበት። እናቷ የላከችላትን ጭስ የጠገበ ቋሊማ ከተረፈው ሥጋ ጋር ከተተች፤ በሚጥሚጣም አልሰሰተችም። ወይዘሮ አርዲስ መሃል ላይ ብቅ ብለው ዱቄቱ እንዲህ መጥቆር አለበት ወይ ብለው በለሆሳስ ጠየቁ። አዎ አለቻቸው። "አሃ" ብለው ተመለሱ። በዚያች "አሃ" ምክንያት ኦዲል ግማሽ ሰዓት ተብሰለሰለች። ሾርባው ከሠመረ የቤቱ ሰው ትሆናለች፤ ካልሠመረ ግን ዕድሜ ልኳን በዚህ ቤት ሹካ ደርዳሪ ሆና እንደምትቀር ነበር የታያት።

ለምሳ ተቀመጡ። የጎርደን አባት አቶ ቨርነር አንድ ማንኪያ ቀመሱና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ውሃ ጠጡ።

"ይሄማ ለየት ያለ ነው" አሉ።

የኦዲል ፊት በራ። አመስግናቸው፣ ሳይጠይቋት አንድ ጭልፋ ጨመረችላቸው። ጎርደን በጠረጴዛው ሥር እግሯን ነካ አድርጎ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

"እዚህ አገር 'ለየት ያለ' ማለት አልወደድኩትም ማለት ነው" አላት።

ሰሙን ይዛ ወርቁን ስታጣ ይሄ ስንተኛዋ እንደሆነ እንጃ። ጭልፋውን ወደ ድስቱ መለሰች።

ወይዘሮ አርዲስ በግራ እጃቸው ቀስ እያሉ ይበላሉ። ሳህናቸውን ጨረሱና አፋቸውን ጠረጉ።

"ክፉ አይደለም።"

መልካሙ ቃል ነቀፋ ከሆነ ታዲያ ይሄኛው ምን ሊሆን ነው? ጎርደንን ብታየው አፉን ከፍቶ እናቱን ያያል፤ ይደንግጥ ይዘን ከፊቱ ማወቅ አልቻለችም። ግራ መጋባቱ ከልክ አለፈባት።

"እማማ አርዲስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ወደዱት ወይስ ጠሉት?"

ማንኪያዎች ቆሙ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም። ወይዘሮ አርዲስ እስከ ጆሯቸው ቀሉ።

"ክፉ አይደለም አልኩሽ እኮ ልጄ። ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ? የእኔ ሾርባ እንኳ እንዲህ ተብሎ አያውቅም።"

የተናገሩት ነገር ለራሳቸውም የገባቸው ያኔ ነው። ቀስ ብለው ወደ ባላቸው ዞሩ።

"ቨርነር፣ የእኔን ሾርባ ትወደው ነበር?"

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አቶ ቨርነር ምላሳቸው በሚጥሚጣ እየነደደ ስለነበር ለማሰብ ፋታ አላገኙም።

"ያንቺም ለየት ያለ ነበር" አሉ።

ጎርደን ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ኦዲል መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ቤተኛ ልሁን ብላ ቤት አፈረሰች።

"አርባ አንድ ዓመት!" አሉ ወይዘሮ አርዲስ። "ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቅሽኝማ።"

ወይዘሮ አርዲስ ጄሷቸውን ታቀፉ። ቀጥሎ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ይሳቁ ያልቅሱ ከሦስቱ አንዳቸውም አልለዩም። በዚያ ቤት ደግሞ ሦስት ጊዜ ካልተለመነ በቀር የሚያስጨምር ሰው የለም፤ ሁለት ጊዜ እምቢ ማለት ወግ ነው። ወይዘሮ አርዲስ ግን ማንም ሳይለምናቸው ባዶ ሳህናቸውን አንስተው ለምራታቸው ዘረጉ።

"ጨምሪልኝ፤ ወድጄዋለሁ።"

ኦዲል እንደለመደችው ትርጉሙን ፍለጋ ጎርደንን አየችው። እሱም የሚተረጉመው ነገር አጥቶ እሷኑ ያያታል።