የሠርካለም ተራ

የግንቦት ሚካኤል ጽዋ ተራው የሠርካለም ነበረ። ይህን የማያውቅ የማኅበሩ አባል በደባርቅ የለም፤ ያወቀ ሁሉ ግን እንዳላወቀ ሆኖ ተቀምጧል። አንድ ልጇ ዲያቆን ሕሩይ በጥምቀት ማግስት ታሞ፣ ወሩ ሳይወጣ ተቀብሯል። ጥቁር የለበሰች እናት እንዴት ትደግስ ብለው አዘኑላት። ማዘናቸው ደግ ነው፤ ሳይጠይቋት መወሰናቸው ነው ጥፋቱ።

የሚያዝያው ማኅበር በይርጋለም ቤት ሲያበቃ፣ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አያ ሸጋው፣ ጽዋውን ከሠርካለም ቀጥሎ ባለተራ ለሆነችው ለታንጉት ዘረጋላት። ሠርካለም ብድግ አለች።

«ተራው የማን ነው?»

«ያንቺ ነበረ፣ እቴ። ግን በዚህ ኀዘንሽ ላይ…»

«የቀበርሁት ልጄን ነው፤ እምነቴን አልቀበርሁም። ሚካኤል የኔን ቤት ዘሎ አያልፍም!»

የነፍስ አባቷ መምሬ ሰይፈ ሥላሴ «ስጧት» አሉ። ወትሮ ጽዋ ሲነሣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ያን ዕለት እልልታው ቀረ፤ እሷም ጽዋውን አቅፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

ጠላውን ራሷ ጠመቀች፣ ዳቦውን ራሷ ደፋች። በልቧ ግን ትፈራ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ካህኑ የትንሣኤውን ሰላምታ ሲያሰሙ፣ ደስታና ሰላም የሚያውጀው የመጨረሻው መልስ ከአፏ አልወጣ ብሏል። እንግዲህ በገዛ ቤቷ፣ የሕሩይ ከበሮ በተቀመጠበት ጥግ ፊት እንዴት ትበለው?

ቀኑ ደረሰ። ቤቱ ሞላ። መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ።

«ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን!»

«በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን!»

እየተቀባበሉ ሄደው መምሬ «ኮነ» ሲሉ ቤቱ ጭጭ አለ። ለካ ሁሉም ይሉኝታ ይዞት እሷን ይጠብቃል። ሠርካለም ከበሮውን አየችው። ልጇ በዚያው ጥግ ቆሞ ይህንኑ ቃል እንዴት ከፍ አድርጎ ይመልስ እንደነበር ትዝ አላት። ያመነበትን ነበር የሚናገረው። እሷስ ማንን ፈርታ ነው?

«ፍሥሐ ወሰላም!» አለች ቀና ብላ።

እንባዋ ወረደ፤ ደስታዋ ግን አልቀረም። እልልታውንም ራሷ ጀመረችው፤ ሴቶቹ እየተከተሉ አቀለጡት። ከዚያ የልጇን ከበሮ አንሥታ ታንጉት አንገት ላይ አጠለቀችው።

«ምቺ!» አለቻት። «ሕሩይ የሚነሣበት ቀን አለ። እስከዚያ ከበሮው ምን ሲል ዝም ይላል?»