ከንቲባ አይጠለፍም

ከንቲባው አሥር ቁጥር ማሊያ ለብሶ ሲገባ ሜዳው ይሰፋል። ተአምር አይደለም፤ ሰው ሁሉ ስለሚሸሸው ነው። ክለቡ የእሱ፣ ከተማዋን የሚያስተዳድረው እሱ፣ ዳኛውን ምሳ የሚጋብዘውም እሱ! ታዲያ ማን ደፍሮ እግሩን ይሰድበታል? ሰማይ አይታረስ፣ ከንቲባ አይጠለፍ። አምሳን ያለፈውን ሰውዬ ተከላካዮቹ እንደ አምቡላንስ ያሳልፉታል። በረኛውም ኳሷ ገና ሳትመታ በሌላው በኩል ተወርውሮ ይተኛል።

ሚስቱ በሕይወት ሳለች እንዲህ አልነበረም። ምላሷ ምላጭ ነበር። ከጎሉ ጀርባ ተቀምጣ አይታው መኪና ውስጥ ሲገቡ፣ «የመጀመሪያዋን ጎል እናቴም ታገባታለች» ትለው ነበር። «ሁለተኛዋ ግን የምር ናት።» ሳምንቱን ሙሉ ላቡን የሚያፈሰው ለዚያች «የምር» ሲል ነበር።

እሷ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆነ። አሁን ሁሉም «ድንቅ ነዎት፣ ክቡር ከንቲባ» ነው። ልጆቹ በስልክ ብቻ ናቸው፤ እሱ ከረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ተቀምጦ ቴሌቪዥን እያየ ብቻውን ይበላል። ኳስ ይችላል ወይስ አይችልም? ሰው ቢሰማ ይስቅበታል፤ እሱን ግን እንቅልፍ የነሳው ይኸው ነው።

እሁድ ዕለት ተጋጣሚው ቡድን አዲስ ተከላካይ ይዞ መጣ። ከሩቅ ከተማ በዚያው ሳምንት የተዛወረ፣ ከንቲባውን ከዘበኛ የማይለይ ሰው ነው። ከንቲባው ኳስ እየገፋ ሲመጣ ተንሸራቶ ገባበት። ከንቲባው በአፍጢሙ ተደፋ።

ስታዲየሙ በሙሉ ብድግ አለ። ጠባቂዎቹ አጥር ዘለው ገቡ። ዳኛው ቀይ ካርድ ሊመዝ እጁን ኪሱ ውስጥ ሲከት፣ ከንቲባው ከመሬት ሆኖ ጮኸ።

«ተው! ኳሷን ነው የነካው!»

ጉልበቱ ደምቷል፣ አፉ ሣር ሞልቷል፣ ይስቃል። ተከላካዩ እጁን ዘርግቶ ጎትቶ አነሳው።

«ጋሼ፣ ኳስ አታቆይ፣ ቶሎ ልቀቃት» አለው። «ግራ እግርህ ግን የምር ነው።»

የከንቲባው አንጀት ቅቤ ጠጣ። እንደ ሰው የነካው ሰው ካገኘ ስንት ጊዜው! ቆይ፣ ተመልሼ እመጣልሃለሁ ብሎ በልቡ ዛተ።

እሱ ሣሩን ሲያራግፍ፣ የተጋጣሚው አሠልጣኝ ተከላካዩን ወደ መስመሩ ጠርቶ በጆሮው ሹክ አለው። የሰውዬው ፊት አመድ መሰለ።

ብዙም ሳይቆይ ከንቲባው ኳስ አገኘ። ጎሉን አላየም፤ ተከላካዩን ፈልጎ ቀጥ ብሎ ሄደበት። በግራ እግሩ ሊያታልለው ሲል ሰውዬው ገለል አለ።

«ና እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?»

«ይለፉ፣ ክቡርነትዎ» አለ ተከላካዩ መሬት መሬት እያየ።

ከንቲባውን ሆድ ባሰው። በረኛው እንደሆነ ቀድሞ ተኝቷል። ኳሷን በግራ እግሩ ገፋ አደረጋት፣ ገባች። ሕዝቡ በጩኸት አገሩን አናጋው።

ሌላ ሰው ጎል ሲያገባ ጓደኞቹ እላዩ ላይ ይከመራሉ። እሱን ግን ተሰልፈው፣ ጎንበስ እያሉ በሁለት እጅ ጨበጡት። ከሰልፉ መጨረሻ ተከላካዩ ቆሟል፤ ጎል የገባበት ሰውዬ እንኳን ደስ ያለዎት ሊል! ከንቲባው እጁን ያዘው፣ አልለቀውም።

«የቅድሙ... የግራ እግሬ ነገር፣ የምርህን ነበር?»

«ድንቅ ነዎት፣ ክቡር ከንቲባ» አለው።